ሐዲዱ፣ ትምህርት ቤቱና መፍቻው፦ የውጭ እርዳታ እንደ ለስላሳ ኃይል



 በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጆሴፍ ናይ በ1990 «ለስላሳ ኃይል» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ሲያስተዋውቁ፣ አንድ መንግሥት ሌላውን ሳያስገድድና ሳይከፍል፣ በመማረክ ብቻ የራሱን ፍላጎት እንዲጋራ ሊያደርገው ይችላል ከሚል ሐሳብ ተነሥተው ነበር። ጽንሰ ሐሳቡ የተቀረጸው ከሰጪው ወገን ሆኖ ነው። ሰጪው ምን ያህል ተወደደ? ባህሉና ሥርዓቱስ ምን ያህል ተከበረ? ብሎ ይጠይቃል። ለተቀባዩ የሚተርፈው ድርሻ መማረክ ወይም አለመማረክ ብቻ ይሆናል። እኔ ዛሬ ነገሩን ከተቀባዩ ወገን ሆኜ፣ ከአገራችን ታሪክ ተነሥቼ ልመለከተው እወዳለሁ። በውጭ ገንዘብ የተሠራ ባቡር ወይም ትምህርት ቤት ለሰጪው የሚያስገኘው ዘላቂ ተሰሚነት ከምስጋና የሚመነጭ አይመስለኝም። ምስጋና በምረቃው ዕለት ይነገራል፤ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ብዙም አይቆይም። ተሰሚነቱ የሚኖረው በጥገናው ላይ ነው። ዕቃው ሲሰበር የሚጠራው ማን ነው? መመሪያው የተጻፈው በማን ቋንቋ ነው? መፍቻውስ በማን እጅ ይገኛል?

ከባቡሩ ልጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መሥመር ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሸፍኖ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። በመካከሉ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ኢትዮጵያን በሚመለከት በተፈራረሙት ውል ውስጥም ባቡሩ ከዋነኞቹ ጉዳዮች አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ በታሪክ መጻሕፍት በሰፊው የተጻፈ ነውና አልፈዋለሁ። ከዲፕሎማሲው ይልቅ የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። የመዲናችን ሰው በየቀኑ «ለገሀር» ሲል ፈረንሳይኛ መናገሩ ትዝ አይለውም፤ ቃሉ ግን የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ባቡር ልጅ ናት። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ መዝገቡም ትእዛዙም የሚጻፈው በዚያው ነው። የድሬዳዋ መካኒክ ፈረንሳይኛ የተማረው ሞሊየርን ለማንበብ ሳይሆን ብሎኑን በስሙ ለመጥራት ነበር። የየትኛውም የባህል ማዕከል መርሐ ግብር ይህን ያህል ሥር የሰደደ አይመስለኝም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የድሬዳዋ የጥገና ክፍል በጊዜ ብዛት የራሱ ትምህርት ቤት ሆነ። አባት ለልጁ፣ ነባሩ ለአዲሱ ሙያውን አስተላለፈ። መለዋወጫ ከውጭ ማምጣት ሲያዳግት፣ ያረጁትን የብረት መቅረጫ ማሽኖች እያንቀሳቀሱ ክፍሎቹን እዚያው ቀርጸው ባቡሩን ለማቆየት ደከሙ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ቢሆንም እጁ የድሬዳዋ ሆነ። የሰጪው ተጽዕኖ ቋንቋውን ትቶ ሲሄድ፣ ችሎታው የተቀባዩ ንብረት ሆኖ የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ መሥመር እንሻገር። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። የገንዘቡ ትልቁ ክፍል ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የሐዲዱ ስፋት፣ የምልክት ሥርዓቱ፣ የኃይል አቅርቦቱ በቻይና ደረጃ የተሠራ በመሆኑ ከአሮጌው ጠባብ ሐዲድ ጋር አይገናኝም። ሥራውን ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመታት እንዲያካሂዱ በውል ተሰጣቸው፤ ርክክቡም በ2024 ተፈጸመ። በአዲስ አበባ ያለው ቀላል ባቡርም አብሮ መታየት አለበት። በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በ2015 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ በርካቶቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል። መለዋወጫው ከቻይና መምጣት አለበት፤ ለዚያም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ባቡሩ የቆመው መሐንዲሶቻችን ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ውሉ ሲፈረም ስለ ግንባታው ብዙ ተጽፎ፣ ስለ ዐሥረኛው ዓመት ጥቂት ስለተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ «የዕዳ ወጥመድ» የሚለውን ዝነኛ አነጋገር አንድ ሰው ማንሣቱ አይቀርም። ይህ አነጋገር ስንፍና ያለበት ይመስለኛል። ወጥመድ የሚያዝበት አውሬ መንገዱን አያውቅም፤ ብድሩን የፈረሙት ግን ማንበብና መደራደር የሚችሉ ባለሥልጣናት ናቸው። የብድሩ መክፈያ ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙ በ2018 መገለጹም ድርድር እንደሚቻል ያሳያል። ከውጭ የመጣ ገንዘብ ሁሉ ቸርነት ወይም ተንኮል አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው ከጣልያን የጦርነት ካሳ በተገኘ ገንዘብ ነው። እርሱ ስጦታ ሳይሆን የተከፈለ ዕዳ ነው፤ የሚገባንን ስንቀበል አመስግኑ ልንባል አይገባም።

ትምህርትን በተመለከተ የሰጪዎች ስሌት ከባቡሩም ይልቅ ያልታሰበ ውጤት አምጥቷል። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። ኮሌጁ በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግ አሜሪካ ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዷ ሆነች። በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየአውራጃው ትምህርት ቤት ተሰማሩ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1965 «መሬት ለአራሹ» የሚል ሰልፍ ወጣ፤ በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የሰላም ጓድ ከአገር ይውጣ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማንበብ የለመደ ተማሪ የተሰጠውን መጽሐፍ ብቻ አንብቦ አያቆምም። ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ በአንድ ደጋፊ እጅ ሙሉ በሙሉ መውደቅን አልፈለጉም። አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ እያላት፣ እርሳቸው በ1959 ሞስኮን ጎበኙ፤ በ1963ም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ከሁለቱም ወገን ትምህርት ቤት መቀበል ቀላል ብልሃት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከሁሉም ይልቅ የማደንቀው የዓለማያን ምሳሌ ነው። የፕሬዚዳንት ትሩማን «ነጥብ አራት» የተባለው የቴክኒክ እርዳታ መርሐ ግብር የመጀመሪያው ኃላፊ የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት ነበሩ። በ1952 በተፈረመ ስምምነት የኦክላሆማ መምህራን የእርሻ ኮሌጅ ሊያቋቁሙልን መጡ። ትምህርቱ በጅማ ተጀመረ፤ ኋላም በሐረርጌ ዓለማያ ላይ ኮሌጁ ተገነባ። ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚሰጥ ሥልጠናን በአንድ ጣራ ሥር የሚያኖረው አደረጃጀት በቀጥታ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ሰጪው ምን እንደፈለገ ግልጽ ነበር፦ ኮሙኒዝም በተራበ ገበሬ ዘንድ ሥር እንዳይሰድ መከላከል። በአሠራሩ ውስጥ ግን አንድ ወሳኝ ነገር ነበር። ኢትዮጵያውያን ምሩቃን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ እየተላኩ፣ ሲመለሱ የአሜሪካዊውን መምህር ወንበር ይረከቡ ነበር። በ1968 የኦክላሆማ ውል ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም።

ምርምሩም ወዴት እንዳመራ ተመልከቱ። በደብረ ዘይት የተቋቋመው የኮሌጁ የምርምር ጣቢያ ጤፍን አነሣ። ጤፍን በዚያን ጊዜ ኦክላሆማ አያመርተውም፤ የውጭ ገበያም አይጠይቀውም ነበር። አበባው እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ለረጅም ጊዜ በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። ተመራማሪዎች አበባው ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደርሰውበት፣ በማጉያ መነጽር እየተረዱ ማዳቀል ጀመሩ። በ2006 ከዚያው ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ ዛሬ በብዙ ገበሬዎች ማሳ ላይ ይገኛል። ሰጪው ያመጣው ዘዴውን ነው፤ ጥያቄውን ያመጣው ግን ተቀባዩ ነው። በእኔ ግምት የአንድ ተቋም ባለቤትነት የሚረጋገጠው በዚህ ነው፤ በበሩ ላይ የማን ሰንደቅ እንደተሳለ መጠየቅ ብዙ አያስረዳንም።

በ2021 በአዲስ አበባ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት የተከፈተውን የሉባን ወርክሾፕንም በዚሁ ዓይን ማየት እንችላለን። ስሙ የጥንታዊው ቻይናዊ አናጢ የሉ ባን ነው። ለስላሳ ኃይል ፊልምና ሙዚቃን ትቶ በመፍቻና በማሽን ሲመጣ ይህን ይመስላል። በእነዚያ ማሽኖች የሠለጠነ ወጣት ነገ የፋብሪካ ኃላፊ ሲሆን የሚያዝዘው የሚያውቀውን ማሽን ነው፤ ሰጪውም ይህን ያውቃል፤ ማወቁም ነውር አይደለም። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ወርክሾፑ በደብረ ዘይት የጤፍ አበባ ላይ እንደተደረገው ያለ የራሳችንን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ያፈራል ወይ? የሚለውን ነው። ለነጻ ትምህርት ዕድል የምታመለክቱ ተማሪዎችም፣ ቤጂንግ ይሁን በርሊን፣ አንካራ ይሁን ዋሽንግተን፣ ይህንኑ ጥያቄ በሻንጣችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

የባቡሩን ርክክብ እንመልከት። ስድስቱ ዓመታት ሲያልቁ ስንት የጥገና ሥራ በኢትዮጵያውያንና በጅቡቲያውያን እጅ ገባ? መመሪያዎቹ በየትኛው ቋንቋ ተረከቡ? የትኛው መለዋወጫ በአገር ውስጥ ሊቀረጽ ይችላል? የድሬዳዋ አሮጌ ሠራተኞች እውቀትስ በአዲሱ መሥመር ላይ ቦታ አገኘ ወይ? ምሕንድስናውንና ኢኮኖሚውን፣ ቋንቋውንና ታሪኩን አንድ ላይ የሚጠይቅ ጉዳይ በመሆኑ አንድ ትምህርት ክፍል ብቻውን አይወጣውም። ለመመረቂያ ጽሑፉ ይህን የሚመርጥ ተማሪ ካለ፣ ለማማከር ፈቃደኛ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ፤ ከድሬዳዋ እንዲጀምርም እመክረዋለሁ፤ የጥገናውን ታሪክ በቃል የሚያውቁት አዛውንቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነውና።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።