ለቀብር የተባበርን ሰዎች ለኑሮም እንተባበር
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ አካባቢ ጥበቃ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን እናስባለን። ቀጥሎም ይህን ጊዜ ስለ ሰጣችሁን እናመሰግናለን። እኛ ዕድሜአችንን በመዝገብ ቤት ያሳለፍን፣ ትምህርታችንም ከመጀመሪያ ደረጃ ያላለፈ ሰዎች ስንሆን፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ እንናገር ብንል «ይህማ የምሁራን ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመርና ስለ ዝናቡ መዛባት የሚያስረዱ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን የሽንኩርት ልጣጭ የት እንደሚደፋ፣ ከሰል በምን እንደሚያያዝ፣ በለቅሶ ቤት ውኃ በምን እንደሚቀርብ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሊቅ የለም። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚሁ ስለምናውቀው ነገር ብቻ ነው።

ሌላም ጥያቄ ይነሣል። «ዕድር የተቋቋመው ሰው ሲሞት ለመቅበር ነው፤ ቆሻሻና ችግኝ ምን አገባው?» ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ ረጲ አጠገብ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ያንን ተራራ ማን ሠራው? ከውጭ አገር በመርከብ የመጣ ቆሻሻ አይደለም። የከተማው ሰው ሁሉ በየቤቱ በራፍ «ተገላገልኩት» እያለ ያወጣው ጥራጊ ነው። እንግዲህ ከበራፋችን የወጣ ነገር ጠፋ ማለት አይደለም፤ የሌላ ሰው ሰፈር ገባ ማለት ነው። ሰው የሚቀብር ማኅበር ሰው የሚገድለውን ነገር አስቀድሞ ቢያስብበት ከሥራው ውጪ ሆነ አይባልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቤታችን እንጀምር።

ከቤት ከሚወጣው ጥራጊ የሚበዛው የሚበሰብስ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የዛፍ ቅጠል፣ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ሳይሆን የአፈር ቀለብ ነው። ይኸው ነገር ከፕላስቲክና ከጣሳ ጋር ተደባልቆ ሲከመርና አየር ሲያጣ ግን ይከረፋል፤ እሳት የሚይዝ ጋዝም ያወጣል። ስለዚህ በየቤታችን ሁለት ዕቃ እናድርግ። አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሁለተኛው ለማይበሰብሰው ነው። ግቢ ያለው ሰው ጥላ ባለበት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ንብርብር እርጥቡን፣ አንድ ንብርብር ደረቅ ቅጠል፣ ከላይ ትንሽ አፈር እያለበሰ፣ ውኃ ረጨት እያደረገና አልፎ አልፎ እያገላበጠ ቢይዘው ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁርና ለምለም አፈር ይሆንለታል። ለጎመኑም ለጌሾውም ይበቃል። ግቢ የሌለው ደግሞ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይነጋገር፤ ጎረቤት ለቡና ብቻ አይደለም። ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን ቁራሌው ይወስደዋል። በሱ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነውና ንጹሑን ለይተን ብንሰጠው ለእርሱም ለእኛም ይበጃል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ግን ከልጆች እጅና ከጓሮ አፈር መራቅ አለበት፤ ውስጡ መርዝነት አለው።

ፌስታልን በተመለከተ ሁላችሁም የምታዩት ነው። ክረምት ሲገባ ቦዩን የሚደፍነው እርሱ ነው። ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው ከላይ ካለው ሰው ቤት ሳይሆን ከታች ካለው ቤት ነው። የጣለው ሌላ፣ ፍራሹ የሚርሰው ሌላ። ከብትም ይበላውና ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ተጠቅልሎ ይገድለዋል። በሕግ በኩል ቢሆን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታል ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን ሕግ እያንዳንዱን ሰው ገበያ ድረስ አይከተልም። እናቶቻችን በዘንቢል ሲገበዩ ኖረዋል፤ አንድ ዘንቢል ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የማያውቅ የለም። ዘንቢል ቢከብድ የጨርቅ ከረጢት ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል።

በተለይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ከሰል ለማያያዝ ፌስታል ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ የምናቀጣጥል ብዙ ነን። ያ ጥቁር ጭስ መርዝ ነው፤ በሳንባ ገብቶ ይጎዳል። ይልቁንም ምድጃው አጠገብ ያለው ብዙ ጊዜ ጨቅላ ያዘለች እናት ናት። ጭራሮ ወይም ወረቀት ይበቃል።

ስለ ማገዶ ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንጨምር። ሽማግሌዎቻችን እንደሚያውቁት አዲስ አበባ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆባት ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም ጥያቄው ያው ነው፤ ከምንተክለው የምናነደው በለጠ። በአገራችን ልማድ ከሰል በአፈር ተቀብሮ ሲከሰል አንድ ኪሎ ለማግኘት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይጠፋል። በስምጥ ሸለቆ የግራሩ ዛፍ ከተመነጠረበት ምክንያት አንዱ የእኛ የከተሜዎቹ ምድጃ ነው። ስለሆነም ላቀች በሚባለው የከሰል ምድጃ የሚጠቀም ከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እስከ እኩሌታው ድረስ እንጨት ያድናል፤ ጭሱም ይቀንሳል፤ የእናቶቻችንም ዓይን ያርፋል። ምድጃ ለመግዛት ገንዘቡ ለጊዜው ያልተገኘለት ሰው ደግሞ ያለ ምንም ወጪ የሚያደርገው አለ። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተከታትሎ ቢጋግር ማጋያው እንጨት የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። የድስት ክዳን መክደንም ማገዶ ይቆጥባል። ለሣልስትና ለተዝካር የሚሆነው ሽምብራና ባቄላ ማታውኑ ከተዘፈዘፈ ቶሎ ይበስላል። የቀብር ዕለቱ ንፍሮ ድንገተኛ ነውና አይሆንም እንበል፤ የተቀረውን ግን ቀኑን አውቀን የምንሠራው ነው።

ውኃም እንዲሁ ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያለው ሰው ጉዳቱን ለማወቅ ሊቅ መጥራት አያስፈልገውም፤ ማታ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ ይደር፣ ጠዋት ባልዲው ራሱ ሒሳቡን ይነግረዋል። ጎሚኒው በጥቂት ገንዘብ ይቀየራል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለችግኝ ይሆናል።

ስለ ወንዞቻችንም እንናገር። ቀበናና ሌሎቹ የከተማው ወንዞች ወደ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አድርጎ አዋሽ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ በየዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ያም አትክልት ተመልሶ የሚመጣው እኛው ገበያ ነው። እንግዲህ የሽንት ቤት ቱቦውን በጨለማ ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰው ለጠላቱ የላከው ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ዞሮ ከገበታው ይቀርባል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፋም ሰው ከዚሁ አይለይም።

አሁን ወደ ራሳችን ድንኳን እንምጣ፤ ዋናው ጉዳያችን ይህ ነውና።

ቀድሞ በዕድራችን ለቀስተኛው ውኃ የሚጠጣው በብርጭቆና በጣሳ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ሃይላንድ በሚለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ካልሆነ ኀዘንተኛው ያፍራል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ድንኳን 200 ሰው ቢቀመጥና ለእያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ቢታደል በሦስት ቀን 600 ጠርሙስ ይሆናል። ዕድሩ በዓመት 20 ለቅሶ ቢገጥመው 12,000 ጠርሙስ ማለት ነው። ግማሽ ተጠጥቶ ከወንበር ሥር የሚቀረውን ስንቱን አንሥተነዋል! ድንኳኑ ሲነቀል ጠርሙሱ ቦይ ይገባል፤ ገንዘቡ ደግሞ ከኀዘንተኛው ኪስ ይወጣል። ደሀው አባላችን አባቱን ቀብሮ ሲመለስ የሚጠብቀው የውኃ ዕዳ ነው። ይህ ክብር ነው ወይ? በንብረት መዝገባችን ላይ በአባላት መዋጮ የተገዛ ብርጭቆ፣ ሳህንና በርሜል ተመዝግቦ ይገኛል፤ ዕቃ ቤት ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

«በብርጭቆ ማቅረብ ንፉግነት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ደግሞ ንፉግነት የሚባለው ለቀስተኛን ማስጠማት ነው እንላለን፤ በብርጭቆ የጠጣ ሰው አልተጠማም። «የብርጭቆ ውኃ በሽታ ያመጣል» የሚሉትም ሥጋታቸው ተገቢ ነው። መልሱ ውኃውን አፍልቶ አቀዝቅዞ፣ ወይም በማከሚያ መድኃኒት አክሞ፣ ክዳንና ቧንቧ ባለው በርሜል ማቅረብ ነው። ብርጭቆውም በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠባል። «ማን ያጥባል?» የሚለው ግን ከባዱ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የለቅሶ ቤት ሥራ በሴቶች ጀርባ ላይ ነው፤ ይህን ሸክም ጨምረን «አካባቢ ጠበቅን» ብንል ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ዕጥበቱ በተራ ይሁን፤ ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች ብርጭቆም ይጠቡ። ካርታ ሲጫወቱ ከሚያመሹ እጃቸው ትንሽ ሳሙና ቢነካ አይከፋም።

የመጨረሻው ስለ መቃብር ቦታችን ነው። የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን እየገዛን መቃብር ላይ እንተዋለን፤ በአንድ ክረምት ይጠወልግና ቆሻሻ ይሆናል እንጂ አይበሰብስም። ከዚያ ይልቅ ለሞተው ወገናችን አንድ ዛፍ ቢተከልለት ምን ይከፋል? በሰሜኑ አገራችን ክፍል ጥንታዊ ደን የተረፈው በአመዛኙ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው፤ አባቶች የመቃብርና የጸሎት ቦታን ዛፍ ስላከበሩ ነው የቆየው። እኛም የመቃብር ቦታውን አስተዳዳሪዎች አስፈቅደን የሐበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ኮሶ ልንተክል እንችላለን። ጉድጓዱ ከክረምት በፊት ይቆፈር፤ ችግኙ ሐምሌ ላይ ይተከል። ባሕር ዛፍ ግን ውኃ ይስባልና ከምንጭ አጠገብ ይራቅ።

መትከል ብቻውን ግን አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በመንግሥት ተነግሯል፤ መልካም ነው። ችግኝ የሚሞተው ግን በሐምሌ ሳይሆን በጥርና በየካቲት ነው፤ ዝናብ ሲጠፋና ፍየል ሲመጣ። ስለዚህ እያንዳንዱ ችግኝ ባለቤት ይኑረው፤ የሟች ቤተሰብ በበጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን ያጠጣው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእሾህ ይታጠርለት።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መንከባከብ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። መብቱን ከፈለግን ግዴታውንም አብረን እንቀበል።

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ውስጥ ለጉባኤው ውሳኔ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ. ከመጪው ወር ጀምሮ በዕድራችን ድንኳን ውኃ በበርሜልና በብርጭቆ ብቻ እንዲቀርብ፣ ዕጥበቱም ወንድ ሴት ሳይለይ በተራ እንዲሆን፤

2ኛ. ለዕድሩ ማብሰያ የሚሆን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንዲገዛ፤

3ኛ. በፕላስቲክ ጉንጉን ፈንታ ለእያንዳንዱ ሟች አባል አንድ አገር በቀል ችግኝ እንዲተከልና በመዝገብ እንዲያዝ።

የመጀመሪያው በተለይ ሁላችንም ካልተስማማን አይሠራም። አንድ ባለጸጋ በፕላስቲክ ቢያቀርብ ቀጥሎ ያለው ደሀ በብርጭቆ ለማቅረብ ያፍራል። በደንብ ከተጻፈ ግን ማንም አያፍርም፤ «የዕድሩ ሕግ ነው» ብሎ ያልፋል። ዕድር ጥንቱን የተቋቋመው ባለጸጋውም ደሀውም በአንድ ዓይነት ክብር እንዲቀበር አይደለም ወይ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን ወንዝ አያጠራም፤ ደን አያበቅልም። ነገር ግን ሬሳ ተሸክመን ዳገት የምንወጣ ሰዎች አንድ ብርጭቆ ማጠብና አንድ ችግኝ ማጠጣት አያቅተንም።

ሐሳቡን አንሡበት፣ ጣሉበት፤ የሚጨመር ካለ ይጨመር፤ ከዚያም እጅ አውጥተን እንወስን።