ስለ አሮጌ ዲስክና ስለ አዲስ ከርነል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ነገር ትንሽ ነው፤ ይኸውም አሮጌ ዲስክ የያዘ ኮምፒዩተር ከርነሉ በታደሰ ጊዜ የሚደርስበት ችግር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ከርነል ማለት የኮምፒዩተሩ ሥርዓት አስኳል ነው። ድራይቨር ደግሞ በከርነሉና በአንድ ዕቃ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። በችሎት አስተርጓሚው አንዲት ቃል ቢያሳስት ዳኛው ያለ በደሉ የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል፤ የዲስክም ነገር እንደዚሁ ነው።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን ሲጀምር፥ ሥራው እርሱ ካለው ዓይነት ዲስክ በቀር ሌላ የሚያሠራ አልመሰለውም ነበር። ዛሬ ግን ከርነሉ የሚያሠራቸው ዕቃዎች ተቈጥረው አያልቁም፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ብዛት ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የብዙ ዓመት መዝገብ የያዘ ኮምፒዩተር ከርነል አደስሁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ዋናውን ዲስክ አጣሁት ብሎ አልነሣ አለ። የመዝገቡ ኀላፊ አጠገቤ ቆመው ሳይናገሩ ያዩኝ ነበር፤ እንዲያ ከሚያዩኝ ቢቈጡኝ በወደድሁ! ዲስኩ ግን ደኅና ነበር፤ የተለወጠው ስሙ ነው። አሮጌው ድራይቨር ዲስኩን «ኤችዲኤ» ብሎ ይጠራው ነበር፤ ከ2006 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የገባው አዲሱ ግን «ኤስዲኤ» ይለዋል። ሲነሣ የሚያነበው ፋይል የሚፈልገው የድሮውን ስም ነበር። በዚህም ላይ አሮጌው አንዱን ዲስክ እስከ 63 ክፍል ድረስ ሲቀበል፥ አዲሱ በመጀመሪያ ከ15 በላይ አይቀበልም ነበርና፥ ዲስካቸውን ብዙ ቦታ የከፋፈሉ ሰዎች ከፊሉን ክፍል አጡት። ሁለቱ ድራይቨሮች ጐን ለጐን ቈይተው፥ አሮጌው በ2021 ከ5.14ኛው ከርነል ወጣ።

ስም ቢለወጥ ማሽኑ ይጮኻል። የሚከፋው የማይጮኸው ስሕተት ነው። በ1990ዎቹ ሲኤምዲ 640 የሚባል የዲስክ መቈጣጠሪያ ቺፕ ነበረ። ሁለት መስመር አለው፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ግን መረጃው ይበላሻል፤ ማሽኑም ሁሉ ነገር ደኅና ነው ይላል። ቺፑን ከየኮምፒዩተሩ መንቀል ስለማይቻል፥ የድራይቨሩ ጸሐፊዎች አንደኛው መስመር ሲሠራ ሁለተኛው እንዲጠብቅ አደረጉ። ይህን ምክንያት የማያውቅ ሰው ያንን ትእዛዝ ሲያየው ሥራ የሚያዘገይ ትርፍ ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ ከኮዱ አጠገብ ምክንያቱን የማይጽፍ ሰው፥ በእኔ አስተያየት፥ ሥራውን ግማሽ ትቶታል።

ስሕተቱ በየትኛው እትም እንደ ገባ የሚገኝበት መንገድ ለሒሳብ ተማሪዎች ደስ ይላል። በሚሠራው ከርነልና በማይሠራው መካከል 1,024 ለውጦች ቢኖሩ፥ መካከለኛው ይፈተናል፤ ደኅና ከሆነ ስሕተቱ ከርሱ በኋላ ነው፤ ካልሆነም ስሕተቱ እርሱ ራሱ ነው፥ ወይም ከርሱ በፊት ነው። እንዲህ እያጋመሱ በ10 ፈተና ጥፋተኛው ይያዛል። ነገር ግን ለፈተናው አሮጌው ዕቃ ራሱ በእጅ መገኘት አለበት። በ2019 ቶርቫልድስ የፍሎፒ ዲስክን ድራይቨር ጠባቂ የሌለው ብሎ መዘገበው፤ የሚሠራ የፍሎፒ ማሽን ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበርና። በዚያው ዓመት ሌላ ጠባቂ ተረከበው። በዚያው በ2019 በዚሁ ድራይቨር ውስጥ፥ ስለ ዲስኩ ቅርጽ የሚሰጠውን ቍጥር ሳይመረምር የሚቀበል ጉድለት ተገኝቶ ታረመ። ፍሎፒ ማን ይዟል ትሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በሶፍትዌር የተሠሩ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ፍሎፒን አስመስለው ያቀርቡ ነበርና፥ ጉድለቱ እነርሱንም ይነካ ነበር።

ወደዚያ መሥሪያ ቤት ልመለስ። በመጀመሪያ በድሮው ከርነል አስነሥቼ መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥሁ፤ ይህን ከማደሴ በፊት ማድረግ ይገባኝ ነበር። ከዚያም በፋይሉ ውስጥ «ኤችዲኤ» የሚለውን ሰርዤ፥ ድራይቨር ቢለወጥም የማይለወጠውን የክፍሉን መለያ ቍጥር ጻፍሁበት። ማሽኑም ተነሣ። ኀላፊው ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።

ፋይሉን ማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፥ ከሻይ በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል አሳያችኋለሁ።