ከገዛ ይዞታ በተገኘ እንጨት የሚሠራ በረት
ከአዊ ደጋ ለሰፈራ ጣቢያዎች የሚወሰድ ትምህርት

(ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ድርቅ በደረሰበት አካባቢ ሁሉ የእርዳታ ሠራተኛ በቅድሚያ የሚመዘግበው የሰውን ቁጥር ነው። ይህም ተገቢ ነው። ገበሬው በበኩሉ ከቤተሰቡ ቀጥሎ በሥጋት የሚቆጥረው በሬውን ነው። በሬው የሞተበት ሰው ዝናቡ በጊዜው ቢመለስ እንኳ ማሳውን በወቅቱ ለማረስ አይችልም፤ መሬቱን ለየእኩል ይሰጣል፣ ወይም በሬ ላለው ጎረቤት ጉልበቱን እየከፈለ ተራ ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት አንድ የድርቅ ዓመት ያስከተለው ጉዳት ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል።

ይህ የታወቀ ስለሆነ በመልሶ ማቋቋም ዕቅዶች ውስጥ የእርሻ በሬ መግዣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይመደባል። በሬው የሚጠለልበት በረትና የበጋ መኖው የሚከማችበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ነገር ማስገንዘብ ነው። በረትና የመኖ ማከማቻ በመልሶ ማቋቋም ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ የሚሠራበትም እንጨት ከተፈጥሮ ደን የሚቆረጥ ሳይሆን ባለቤቱ በይዞታው ላይ ተክሎ፣ አሳድጎና ሰንጥቆ የሚያገኘው ሊሆን ይገባል። ለዚህ የሚሆን ልምድ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ይገኛል።

1. የአዊ ደጋ ልምድ

ቀድሞ ኮሶበር ትባል በነበረችው በእንጅባራ ዙሪያ፣ በባንጃ፣ በፋግታ ለኮማና በዳንግላ ወረዳዎች ገበሬው የሚኖረው ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዓመታዊ ዝናብ በሚያገኝ ምድር ላይ ነው። ዝናቡ ብዙ ቢሆንም አፈሩ በአብዛኛው ኮምጣጣ በመሆኑ የእህል ምርት ዝቅተኛ ነው። ገበሬዎቹ ለዚህ ችግር ያገኙት አንዱ መፍትሔ ዛፍን እንደ ሰብል ማልማት ነው። ከአውስትራሊያ የመጣውንና በአካባቢው «ዲከረንስ» እየተባለ የሚጠራውን የግራር ዝርያ ደክሞ በነበረ ማሳቸው ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን እያጨዱ ለከብት ይመግባሉ፤ ዛፉ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ይቆረጣል። ከዚህ የሚበዛው ለከሰል ይውላል፤ ቀጥ ያለው ደግሞ ማገርና አጥር ይሆናል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር የሚያስገባ ስለሆነ ማሳው እንደገና ለእህል ሲታረስ ጥቅም ይገኝበታል።

ከዲከረንስ በተጨማሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በየጓሮው ይገኛል። አጣናውም፣ ምሰሶውም፣ ጣውላውም በብዛት የሚገኘው ከዚህ ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ሁለተኛ መትከል አያስፈልገውም። የደጋ ቀርከሃም ለግድግዳና ለአጥር ያገለግላል።

የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብሩትን በዓል የተመለከተ ሰው በዚህ አገር ለእንስሳ የሚሰጠውን ክብር ይገነዘባል። ፈረስ በቀዝቃዛው የክረምት ዝናብ ውጭ አያድርም፤ ጋጣ ይሠራለታል። በሬና ላም የሚያድሩበት በረት ከዚሁ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው።

2. እንጨቱን ስለ ማዘጋጀት

ለምሰሶም ሆነ ለጣውላ የሚሆነው ዛፍ የሚቆረጠው በበጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ወቅት መጓጓዣው ይቀላል፤ እንጨቱም ያለ ሻጋታ ይደርቃል። ለምሰሶ የተመረጠው ወዲያውኑ መላጥ አለበት፤ ልጡ ሳይነሣ የቀረ እንጨት ርጥበት ይይዛል፣ ለነቀዝም መጠለያ ይሆናል።

ግንድ በቦታው ላይ ለመሰንጠቅ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። በጥንቱ ዘዴ ግንዱ በጉድጓድ ወይም በከፍታ ቆጥ ላይ ይጋደማል፤ በከሰል በጠቆረ ገመድ መሥመር ይሰመርበታል፤ አንዱ ሰንጣቂ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ይስባሉ። ዛሬ በሞተር መጋዝ የሚሰነጥቁ ባለሙያዎችም ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወሩ ይሠራሉ። በሁለቱም ዘዴ መታወቅ ያለበት የባሕር ዛፍ ጠባይ ነው። የዚህ ዛፍ ግንድ በውስጡ የተወጠረ ኃይል ስላለው ሲሰነጠቅ ጣውላው ይጎብጣል፤ ጫፉም ይተረተራል። ስለዚህ ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ሳይሰነብት መሰንጠቅ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከግራና ከቀኝ እያፈራረቁ ማንሣት፣ የግንዱንም ልብ ከጣውላው መለየት ያስፈልጋል።

የተሰነጠቀው ጣውላ በፀሐይ ላይ አይሰጣም። ከመሬት ከፍ ባለ ድጋፍ ላይ በጥላ ሥር ይደረደራል፤ በየድርድሩ መካከል በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቀጫጭን እንጨት ይገባል፤ በላዩ ድንጋይ ይጫናል፤ ጫፎቹም በቀለም ወይም በጭቃ ይለቀለቃሉ። እንዲህ ሆኖ ቢያንስ አንድ የበጋ ወቅት የቆየ ጣውላ ከተመታ በኋላ አይጣመምም። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በመጋዙ ጉድለት ሳይሆን እርጥብ እንጨት በጥድፊያ በመምታት ነው።

3. የበረቱ መጠንና አሠራር

መጠኑ መወሰን ያለበት ከመኖው ተነሥቶ ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ይህም ከ6 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጥንድ በሬ ለ90 የበጋ ቀናት ከ11 ኩንታል በላይ ድርቆሽና ጭድ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ያልታሰረ ድርቆሽ በአንድ ሜትር ኩብ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢመዝን ለዚሁ መኖ ከ14 እስከ 19 ሜትር ኩብ ቦታ ማዘጋጀት ግድ ይሆናል።

ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ በረት ለዚህ ይበቃል። በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት ሦስት ሆነው 9 ምሰሶዎች ይተከላሉ። የመካከለኛው ረድፍ ከመሬት በላይ 4 ሜትር፣ የጎንና የጎኑ 2.5 ሜትር ይሆናል። ክዳኑ ቆርቆሮ ካልሆነና በሣር የሚከደን ከሆነ የመካከሉ ምሰሶ ወደ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ የሣር ክዳን ውሃን በፍጥነት የሚያወርደው ተዳፋቱ ሲበዛ ነውና። ከመሬት በ2 ሜትር ከፍታ ላይ የጣውላ ቆጥ ይነጠፋል። ከቆጡ በላይ እስከ ክዳኑ ያለው ባዶ ቦታ ከ35 ሜትር ኩብ ስለሚበልጥ ከላይ የተገለጸው መኖ ግማሹን ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ለላምና ለጥጃ መኖ ይተርፋል። ከብቱ ከታች ያድራል። ግድግዳው በነፋሱ አቅጣጫ ብቻ በጣውላ ወይም በቀርከሃ ይዘጋል፤ ሌላው ክፍት ቢሆን አየር ይዘዋወራል፣ ፍጉም በደረቅ ሁኔታ ተጠራቅሞ ለማሳው ይውላል።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዕድሜ የሚወሰነው በምሰሶው እግር ነው። ጉድጓዱ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፤ ከሥሩ ጠጠር ይደረጋል፤ አፈሩ በየንጣፉ ይጠቀጠቃል፤ በምሰሶው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ክምር ይሠራል፤ ከክዳኑ የሚወርደውንም ውሃ የሚያርቅ ቦይ ይቆፈራል። የምሰሶውን እግር በእሳት መለብለብ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥቂት ይረዳል እንጂ ብቻውን ከምስጥ አያድንም። የሐበሻ ጥድና ወይራ ምስጥን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን እነዚህ አገር በቀል ዛፎች እየተመናመኑ ስለሆነ ለበረት ምሰሶ እንዲቆረጡ መምከር አይገባም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ከብት የሚልሰው በመሆኑ መወገድ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ጥንቃቄ ፍግና ጭድ በምሰሶው ሥር እንዳይከመር ማድረግ፣ የምስጥ የጭቃ መንገድ በታየ ቁጥር መጥረግና የተበላውን ምሰሶ በጊዜ መለወጥ ነው። መለወጫው በጓሮ የሚገኝ ከሆነ ይህ ከባድ ወጪ አይሆንም።

4. ለሰፈራ ጣቢያዎች የሚሰጠው ትርጉም

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ተጓጉዟል። ከእነዚህም መካከል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት በመተከል አውራጃ በጣና በለስ፣ ፓዌ አካባቢ ሰፍረዋል። ጎጆዎቹ በዘመቻ የተሠሩት በዙሪያው ከተገኘው እንጨትና ቀርከሃ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ያቀደ ሲሆን፣ በአዊ ውስጥ ቆላማው የጃዊ ወረዳ ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በቻግኒ አቅራቢያ በራንች መጠለያ ሰፍረው ነበር።

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ የእንጨት ፍላጎቱ የደረሰው በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታና በጥድፊያ ነው። የተራበና የተፈናቀለ ሰው አጠገቡ ያለውን ዛፍ መቁረጡ አያስወቅሰውም። ጥፋቱ የሚመነጨው ዕቅዱ የእህሉን፣ የዘሩንና የበሬውን መጠን ሲያሰላ የእንጨቱን መጠን ባለማስላቱ ነው።

ስሌቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ከላይ ለተገለጸው በረት 9 ምሰሶና ከ70 እስከ 80 የሚደርስ ወራጅ፣ ማገርና የቆጥ አግዳሚ ያስፈልጋል። 50 በ100 ሜትር በሆነ ግማሽ ሄክታር ይዞታ ዳር በ2 ሜትር ርቀት ቢተከል 150 ችግኝ ይይዛል፤ ከዚህ ሢሶው ቢደርቅ 100 ይቀራል። አጣናው ከ4 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል፤ ለጣውላ የሚሆነው ግንድ ግን ከ10 ዓመት በላይ ይጠበቃል። ባሕር ዛፍ ከእህልና ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ውሃ ስለሚሻማ፣ በማሳው ዳር ሳይሆን በተጎዳው የይዞታ ክፍል ላይ ቢተከል ይሻላል።

የእንጅባራ ዛፍ እንዳለ ወደ ጃዊ ወይም ወደ ፓዌ ይውረድ ማለት ግን አይደለም። ቆላው ሞቃት ነው፤ ምስጡ ብዙ ነው። ለዚያ የሚስማሙት ቀይ ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛ፣ ኒምና የቆላ ቀርከሃ ናቸው። በበለስ ሸለቆ ከብትን የሚጎዳው ገንዲ በበረት ብቻ የሚከላከሉት በሽታ ስላልሆነ የእንስሳት ሕክምናው መቅረት የለበትም። በአንድ ዝርያ ላይ መመካትም አደጋ አለው፤ በቅርብ ዓመታት በአዊ ዲከረንስ ላይ የታየው የዝገት በሽታ ሁሉን ሀብት በአንድ ዛፍ ላይ ማዋል የሚያስከትለውን ጉዳት አሳይቷል።

5. የባለቤትነት ጉዳይ

ከቴክኒኩ ሁሉ የሚከብደው ዛፉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬት የሕዝብ ሆነ። ከዚያ በኋላ በዘመቻ የተተከለው ዛፍ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለገበሬው ግልጽ አልነበረም፤ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ደን የተጨፈጨፈው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣውም የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን ማወቁ ገበሬው የተከለውን ራሱ እንደሚቆርጠው የሚያምንበትን መሠረት ሰጥቷል።

ሰፋሪው በዚህ ረገድ ከነባሩ ገበሬ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ነገ ወደ የት እንደሚዛወር የማያውቅ ሰው ጎመን ይዘራ ይሆናል እንጂ ከ10 ዓመት በኋላ የሚሰነጠቅ ዛፍ አይተክልም። ችግኝ ከማደሉ በፊት ደብተሩ መሰጠት አለበት። በተለይ ባል የሞተባቸው ሴቶች የሚመሩት ቤተሰብ በስሙ ደብተር ማግኘቱ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ጉልበቱንም ደቦ ሊሸፍንለት ይችላል።

6. መደረግ የሚገባው

በመሆኑም ለሥራ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ድርጅቶች የሚከተሉት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በሬ የሚያድል ማንኛውም ፕሮግራም የበረትንና የመኖ ማከማቻን ወጪ ጨምሮ ያቅድ። ሁለተኛ፣ የሰፋሪው ዛፍ እስኪደርስ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሚያስፈልገው አጣና ከአዊ ደጋ ገበሬዎች በግዢ ይቅረብ፤ እንዲህ ሲሆን የቆላው ደን ይተርፋል፣ የደጋው ገበሬም ከከሰል ሌላ ገበያ ያገኛል። ሦስተኛ፣ የችግኝ ጣቢያ ከጤና ጣቢያውና ከውሃ ጉድጓዱ ጋር በአንድ ዓመት ይቋቋም። አራተኛ፣ በየጣቢያው ጥቂት ወጣቶች በመሰንጠቅና በአናጢነት ይሠልጥኑ፤ መጋዙም ለማኅበራቸው ይሰጥ። አምስተኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫው ከመጀመሪያው ክረምት በፊት በሰፋሪው እጅ ይግባ።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ሁለተኛው ብቻ ነው። አምስተኛው የሚጠይቀው የወረዳውን አስተዳደር ውሳኔ ሲሆን፣ ይህ ውሳኔ ከዘገየ ሌሎቹ አራቱ ቢፈጸሙም በሬው በሚቀጥለው ድርቅ ያለ መኖና ያለ መጠለያ ይገኛል።