የሸረሪት መርዝ፦ ከመግደያነት ወደ ምርምር መሣሪያነት



እኛ ሸረሪትን የምናውቃት በድሯ ነው፤ ተረታችን ድር ሲያብር አንበሳ እንደሚያስር ይነግረናል እንጂ ስለ መርዟ አንዳች አያነሳም። ይሁንና በሳይንስ ከተመዘገቡት ከ50 ሺህ በላይ የሸረሪት ዝርያዎች አብዛኞቹ መርዛም ናቸው። ለሰው ሕይወት አስጊ የሆኑት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ መርዙ በዋናነት የተዘጋጀው ነፍሳትን ለማደን ነውና።

በአንድ ዝርያ መርዝ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፔፕታይዶች ይገኛሉ። ብዙዎቹ በነርቭ ሕዋስ ገለፈት ላይ ያሉትን የአዮን መተላለፊያ በሮች ለይተው ይይዛሉ። ሚጥሚጣ ስንቀምስ የሚያቃጥለንን በር ታስታውሳላችሁ? የዴቪድ ጁሊየስና የይፋን ቼንግ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2013 የዚህን በር ቅርጽ ሲያሳዩ፣ በሩን ክፍት አድርጎ የያዘላቸው አንዱ የታራንቱላ መርዝ ነበር። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ የመርዙ እርግጠኛ ጥቅም ይኸው የምርምር መሣሪያነቱ ነው።

ተስፋው ግን ከዚህ ይርቃል። ስትሮክ ያጋጠመው አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ አሲድ ይጠራቀምበታል፤ አሲዱ ኤሲክ-1ኤ የተባለውን በር ይከፍታል፤ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። ሃድሮኒኪ ኢንፌንሳ ከተሰኘች የአውስትራሊያ ሸረሪት የተገኘው ኤችአይ-1ኤ ይህን በር ይገታል። የግሌን ኪንግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳተመው፣ ስትሮክ ከደረሰባቸው ከ8 ሰዓት በኋላ እንኳ የተሰጣቸው አይጦች የአንጎል ጉዳታቸው ቀንሷል። የደም መርጋትን የሚያሟሟው የተለመደው መድኃኒት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ያውም በሲቲ ስካን የደም መፍሰስ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ። ከገጠር ተነሥቶ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ለሚመጣ ታማሚ ይህ ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። መርዙ ለአይጦቹ የተሰጠው በቀጥታ ወደ አንጎላቸው ነበር። በእንስሳት ላይ ተስፋ የተጣለበት ኤንኤክስዋይ-059 የተባለ የአንጎል መከላከያም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሰፊ የሕሙማን ሙከራ ፋይዳ ሳያሳይ ቀርቷል። ስለዚህ «መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን የጋዜጣ ርዕስ አትቸኩሉበት።

ለተመራማሪ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኤችአይ-1ኤ ለምርምሩ የተመረተው ሸረሪት በማለብ አይደለም፤ ዘረ-መሉን ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ነው። ይህ ዘዴ ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ትምህርታችሁ የምታውቁት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።