ማኅበር በምን ያስባል?



ሰው የሚያስበው በአእምሮው ነው። ማኅበርስ በምን ያስባል? በመሪዎቹ ብልኅነት ነው እንዳንል፥ የእኛ መሪዎች በየጊዜው ተመርቀው ይሄዳሉ። ማኅበር የሚያስበው በልማዱ ነው እንላለን። ይህን ልማድ የሚያጠፉ ሁለት ደዌዎች አሉ፤ እነርሱም ዝምታና መርሳት ናቸው።

ስለ ዝምታ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1961 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት ወደ ኩባ ያዘመታቸው 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞች በሦስት ቀን ውስጥ ድል ሆኑ። ከአማካሪዎቹ አንዱ አርተር ሽሌሲንገር በስብሰባው ላይ ዝም በማለታቸው በኋላ ራሳቸውን ወቅሰዋል። በ1962 የሚሳይሉ ችግር በተነሣ ጊዜ ግን አማካሪዎቹ በቡድን ተከፍለው ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ ወረቀት ተለዋውጠውም አንዱ የሌላውን ተቸ። ፕሬዚዳንቱም ሁሉ ሳይፈራ እንዲናገር አንዳንድ ጊዜ ከስብሰባው ይቀሩ ነበር። የአየር ድብደባው ቀርቶ ባሕሩን መዝጋት ተመረጠ፤ ጉዳዩም ያለ ጦርነት አለቀ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የተለወጠው የአመካከራቸው ሥርዓት ነው።

መርሳትን ለመከላከል ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ያስረከበው ወገን ግን ዩባ ተብሎ መካሪ ይሆናል እንጂ ዕውቀቱን ይዞ አይቀርም። ቦረናዎችም በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በተባለው ታላቅ ጉባዔ ሕጋቸውን ይመረምራሉ፤ ያሻሽላሉ። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የሰፈራችን ዕድርስ ቢሆን፥ ደንቡንና መዝገቡን ይዞ መሥራቾቹ ካለፉ በኋላ ይኖር የለምን?

እንግዲህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ ሊቀ መንበሩ አሳቡን ከመግለጡ በፊት የተቃዋሚው ቃል ይሰማ። ሁለተኛ፥ ቃለ ጉባዔው የተወሰነውን ብቻ ሳይሆን፥ የተወሰነበትን ምክንያትና የተሸነፈውንም ሐሳብ ይያዝ። ሦስተኛ፥ ተሰናባቹ ኮሚቴ መዝገቡን ለተተኪው በጉባዔ ፊት ያስረክብ፤ ለአንድ መንፈቅም መካሪው ይሁን።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ለምክር የምንቀመጠው እኛው ነን። ዛሬ በጓደኞቹ ፊት ዝም ማለትን የለመደ፥ ነገ በአለቃው ፊት አፉን ይከፍታል ብሎ ማን ተስፋ ያደርጋል?