የረገፈ ሰሊጥ፣ የባከነ ሊቲየም

አቅራቢ 1፦ መተማ ላይ ሰሊጥ ከረገፈ ገንዘብ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። የባትሪው ማዕድን ሊቲየምም እንደዚያው ነው አሉ?

አቅራቢ 2፦ አዎ። በቺሊ አታካማ ጨዋማውን ውሃ ኩሬ ውስጥ አስተኝተው ፀሐይ እስኪያተንነው ከ1 ዓመት በላይ ይጠብቃሉ፤ ግማሽ ያህሉም ይባክናል። ሊቲየሙን ከጨዋማው ውሃ በቀጥታ የሚለየው አዲሱ ዘዴ ግን በሰዓታት ያወጣዋል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ የሊቲየም ኩባንያዎች ዋጋ ሰማይ ይነካላ!

አቅራቢ 2፦ አትቸኩል። መሣሪያው ውድ ነው፤ መብራትና ንጹሕ ውሃም ይፈልጋል። ሁሉም አብዝቶ ካመረተ ደግሞ ገበያው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ በኋላ የሊቲየም ዋጋ እንዴት እንደተንኮታኮተ አይተናል።

አቅራቢ 1፦ ይሄንንማ የሰሊጥ ገበሬያችን ያውቀዋል! የእኛው የጉጂ ቀንጢቻ ሊቲየምስ?

አቅራቢ 2፦ እሱ ከዐለት የሚወጣ ነው፤ ዘዴው በቀጥታ አይነካውም። ግን በርካሽ የሚያወጣ ተፎካካሪ ሲመጣ ዐለት ፈላጩም ይጨነቃል። ኩባንያ ሲመዘን እንግዲህ ከክምችቱ በፊት የ1 ቶን ወጪው ይጠየቅ።