«ስንተኛ ወጣህ?»

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

ስለ ልጆቻችን ትምህርት ጥቂት እንድናገር ስለተጋበዝኩ አመሰግናለሁ። እዚህ የቆምኩት ምሁር ሆኜ ሳይሆን ያጠፋሁትን ለመናገር ነው።

የእህቴን ልጅ መሃል ሜዳ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማስተማር ስል ገንዘብ መላክ ማለቴ ነው። በደወልኩ ቁጥር ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ትምህርቱ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠበት፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ሲነገር፣ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛም ልጅ አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ። እህቴን ብጠይቃት «አጎቴን በምን አፌ ላናግረው ይላል» አለችኝ። የላክሁለት ገንዘብ ዕዳ ሆኖበት ነበር።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ፊደል ያልቆጠረ ገብስ አራሽ ነበር። ማታ ኩራዙ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እስቲ የዛሬውን ንገረኝ» ይለኛል። አንድ ቀን ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ ዘንድሮ በልጉ ለምን ቀረ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በማግስቱ መምህሬን ጠየቅሁ። መማር የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

እዚህ አሜሪካ ያለን ወላጆችም ከሁለት ሥራ ደክመን እንገባና ልጆቻችን «ኤ» ካላመጡ ፊታችን ይጠቁራል። ጠልተናቸው አይደለም፤ ልፋታችን ከንቱ እንዳይቀር ፈርተን ነው። ልጁ ግን የሚያየው ፍርሃታችንን ሳይሆን ቁጣችንን ነው።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ስልኩን ሲያነሳ ውጤቱን አላነሳሁበትም። «የትኛው ትምህርት ነው የከበደህ?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ፊዚክስ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ማኅበራችን በየዓመቱ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ለሚወጡ ተማሪዎች ሽልማት ይሰጣል። ይቀጥል እላለሁ። ነገር ግን ዘንድሮ ከሽልማቱ ጎን ለክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት በጀት እንያዝ። 4ኛውም 40ኛውም ልጆቻችን ናቸውና። ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ደግሞ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ቁጭ ብለን እንስማ።